የዘገየው ፊደል፦ የኢትዮጵያ ጽሕፈት ወደ ኮምፒውተር የገባበት ታሪክና የተነሣው ክርክር

የጋይንት የምስክር ጉባኤ ቤቶች

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚዘልቀው የጋይንት ደጋ የሚገኙት ቤተልሔምና ዙር አምባ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ለብዙ ዘመን የታወቁ የምስክር ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ቤተልሔም የድጓ ማለትም ዓመቱን ሙሉ በየበዓሉና በየወቅቱ የሚዜመው የመዝሙር መጽሐፍ ምስክር ስትሆን፣ ዙር አምባ ደግሞ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት የዜማ ትምህርቶች ምስክር ናት። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ዜማውን ከነምልክቱ በቤተልሔም መምህራን ፊት አሰምቶ፣ የተሳሳተውን አርሞ፣ የጎደለውን ሞልቶ ሲያስመሰክር በሊቃውንቱ ዘንድ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር የሚያበቃ ሙሉ ተቀባይነት ያገኛል።

ዜማው በትውፊት እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፍረው የምልክት ሥርዓት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይተረካል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የትስ እንደሚቆረጥ ለአንባቢው የሚያመለክቱ ናቸው። ሥርዓቱ ከተደራጀም በኋላ የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር የዜማ ስልቶች አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ጎን ለጎን ኖረዋል። ሩቅ ለሩቅ የሚኖሩ ጸሐፍትና መምህራን አንዱ የጻፈውን ሌላው ያለ ስሕተት እንዲያነበው የሚያስችል የጋራ ስምምነት በዛሬው አነጋገር ስታንዳርድ የሚባለው ነው፤ በጋይንት ደጋ ይህ ስምምነት በጥድፊያ ሳይሆን በትውልዶች እርማት የጸና ነበር።

የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ኮምፒውተር በገባበት ዘመን የተነሣው ዋና ክርክር ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው፣ በፍቅርና በራሳቸው ወጪ የሚሠሩ ሰዎች ለሕዝብ የሚጠቅም የጋራ መሣሪያ ሲያዘጋጁ ሥራው ይዘገያል፤ ሲዘገይም ከፊሉ ሕዝብ «ያለውን አውጡልን፣ እያደር ይስተካከላል» ይላል፣ ከፊሉም «ያልተስማማንበት ነገር ከወጣ በኋላ አይመለስም» ብሎ ይከራከራል። ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ የሁለቱንም ወገን እውነት የሚያሳይ ከመሆኑም በላይ፣ መዘግየት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያስረዳል።

የጽሕፈት መኪናው ዘመን

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቀረጻ የታየው ቀደም ብሎ ነው፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያው ነበር። ከእርሳስ በተቀረጹ ሆሄያት የሚሠራ ማተሚያ ለእያንዳንዱ ሆሄ የተለየ ቁራጭ ስለሚይዝ፣ የሆሄያቱ ብዛት ወጪንና ድካምን ቢያበዛም ሥራውን የማይቻል አያደርገውም። የጽሕፈት መኪና ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ፤ ለላቲን ፊደል የተሠራው መኪና ሃምሳ የማይሞሉ ቁልፎች ብቻ ሲኖሩት፣ አማርኛ 33 የሆሄ ቤቶችን በ7 የአናባቢ ቅርጾች ሲያባዛ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ 231 ቅርጾች ያስፈልጉታል።

ከ1928ቱ የጣልያን ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ችግር ለመፍታት የተከተሉት መንገድ፣ የሆሄውን ዋና አካልና የአናባቢ ቅጥያውን በተለያዩ ቁልፎች አስመትቶ በወረቀቱ ላይ ማገናኘት ነበር። መንገዱ መኪናውን ለቢሮ አገልግሎት ቢያበቃውም የቅጥያዎቹ ቦታ ከሆሄ ሆሄ ስለሚለያይ የሚወጣው ጽሕፈት ከብራናው ቅርጽ የራቀ ሆነ፤ በዚህም የተነሣ ፊደሉ ለመኪናው ይለወጥ ወይስ መኪናው ለፊደሉ ይስተካከል የሚለው ክርክር በምሁራኑ መካከል ተነሣ።

በ1940 ዓ.ም. ፊደልን ስለማሻሻል የቀረቡ ልዩ ልዩ ሐሳቦች በመጽሐፍ ታትመው ለውይይት ቀረቡ። ከአሻሻዮቹ ወገን የነበሩት ሰዎች ሆሄያቱ ወጥ በሆነ ቅጥያ እንዲጻፉና በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሞክሼ ሆሄያት እንዲቀነሱ ሲጠይቁ፣ ተቃዋሚዎቹ ፊደሉ የአማርኛ ብቻ እንዳልሆነ፣ ግዕዝና ትግርኛም እንደሚጠቀሙበት፣ ቢለወጥ ደግሞ ትውልዱን ከቀደሙት መጻሕፍት እንደሚለየው አስረዱ። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚም ኋላ ሞክሼዎቹን የሚቀንስ ሐሳብ ቢያቀርብም ሐሳቡ የሕዝቡን አጻጻፍ አልለወጠም። በዚያ ዘመን ሥልጣን ያለው አካል ለመኪናው ሲባል ፊደሉን በአዋጅ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተር ሲመጣ የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል ያስቸግር ነበርና፣ የውሳኔው መዘግየት በዚህ በኩል ጠቅሟል።

ባለ 8 ቢቱ ወሰን

ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ ጥያቄው በአዲስ መልክ ተነሣ። ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም (ሆሄ፣ አኃዝ ወይም ምልክት) አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ ፎንት የሚባለው የቅርጾች ስብስብ ደግሞ ቁጥሩን በመስኮቱ ላይ ወደ ሆሄ ይመልሰዋል። በዚያ ዘመን አንድ ቀለም የሚቀመጠው በ8 ቢት ሲሆን፣ 8 ቢት ሊይዝ የሚችለው 256 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ብቻ ነው። ከእነዚህም ግማሹ ለእንግሊዝኛ ፊደልና ለኮምፒውተሩ ትእዛዞች አስቀድሞ የተያዘ በመሆኑ፣ ለኢትዮጵያ ፊደል የሚቀረው ቦታ ለአማርኛ ብቻ እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ከዚህ ወሰን ጋር የታገሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በአመዛኙ ሥራቸው ሌላ የሆነ፣ ፊደሉን ግን በትርፍ ጊዜያቸው ያነሡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሂውሌት ፓካርድ ይሠሩ የነበሩት ፍሥሐ አጥላው በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዳሸን ኢንጂነሪንግ በተባለው ድርጅታቸው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አዘጋጁ፤ የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶ/ር አበራ ሞላም በኮሎራዶ ሞድኢት የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። በአገር ውስጥ ደግሞ በኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር አጋፋሪ የተባለው ፕሮግራም ተዘጋጀ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ሲስፋፋ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ የንግድ ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጋዜጣውና በየጽሕፈት አገልግሎት ቤቱ ገቡ።

እነዚህ ፕሮግራሞች ለአገሪቱ ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጋዜጣው በአማርኛ ለመጻፍ ዓለም አቀፍ ስምምነት እስኪገኝ መቆም አይችሉም ነበርና፣ ፈጥነው የወጡት ሰዎች የሕዝቡን አስቸኳይ ፍላጎት መልሰዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አዘጋጅ 8 ቢቱን ለማብቃቃት የራሱን ዘዴ ተከተለ፤ አንዱ ሆሄያቱን በሁለትና በሦስት ፎንቶች አከፋፈለ፣ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጠ፣ ሁሉም የየራሱን የቁጥር ሰንጠረዥ ያዘ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር፤ በደብረ ታቦር የተተየበ ሰነድ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ለመነበብ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ፕሮግራም መኖር ነበረበት። «ቶሎ ይውጣ» የሚለው ወገን መሣሪያውን አገኘ፤ የጋራ ንባብን ግን አላገኘም።

የጋራው ሰንጠረዥ፣ እ.ኤ.አ. 1988–1999

እ.ኤ.አ. በ1988 የዜሮክስ ባልደረባ የነበረው ጆ ቤከር ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ የሚሆን አንድ የቁጥር ሰንጠረዥ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ። ዩኒኮድ የተባለው ይህ ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ቀለም፣ በማንኛውም ኮምፒውተርና በማንኛውም ፎንት የማይለዋወጥ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ነው። ፍሥሐ አጥላው ከቤከር ጋር ተገናኝተው የኢትዮጵያ ፊደል በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ሠሩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 የወጣው የመጀመሪያው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ሳይዝ ቀረ፤ በ1992 የበርማ፣ የክመርና የኢትዮጵያ ጽሕፈቶች ረቂቅ አብረው ለውይይት ቢቀርቡም ሦስቱም እስከ 1999 ድረስ አልጸደቁም።

ረቂቁን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ የፊደሉ ባሕርይ ነበር። እያንዳንዱ ሆሄ ራሱን የቻለ ቀለም ሆኖ ይቆጠር ወይስ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይቆጠሩ የሚለው መወሰን ነበረበት። መለያየቱ ቁጥሮቹን እጅግ ይቀንስ ነበር፤ ግን ለ ወደ ሉ፣ ወደ ላ፣ ወደ ል ሲለወጥ የሚያሳየው ለውጥ በሌሎቹ ሆሄያት ላይ በዚያው መልክ ስለማይደገም፣ ኮምፒውተሩ ቅርጹን በየጊዜው እንዲገጣጥም ውስብስብ ፕሮግራም ያስፈልገው ነበር። በመጨረሻ ሆሄው እንዳለ አንድ ቀለም እንዲሆን ተወሰነ፤ ቅደም ተከተሉም የሀ ለ ሐ መን ሥርዓት ተከተለ፣ ሞክሼዎቹም ሁሉ ለግዕዝና ለትግርኛ ሲባል ቦታቸውን አገኙ። አሻሻዮቹ ከግማሽ መቶ ዘመን በፊት ከመኪናው ጥበት የተነሣ ያነሡት ጥያቄ፣ ማሽኑ ሰፊ ሲሆን በዚህ መልክ ፊደሉ ሳይቆረጥ ተዘጋ።

ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ከኮሪያ ጽሕፈት የተገኘ ትምህርት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሁለተኛው ዩኒኮድ የኮሪያን ሆሄያት ከነበሩበት ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ስላዛወራቸውና ቁጥራቸውንም ወደ 11,172 ስላሳደገ፣ በቀድሞው ቁጥር የተጻፈው ሁሉ የማይነበብ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሰንጠረዡ የገባ ቀለም ቦታው እንዳይለወጥ፣ እንዳይሰረዝም ደንብ ጸና። ደንቡ ለሰነድ ዋስትና ቢሆንም ለአዘጋጁ ከባድ ሸክም ነው፤ በስሕተት የገባው እንደተሳሳተ ለዘለዓለም ይኖራልና፣ «ይውጣና ኋላ ይታረማል» የሚለው አሳብ በዚህ ሥራ ላይ ቦታ የለውም።

የሰንጠረዡ መጽደቅ በሚጠበቅበት ዘመን በውጭ አገር የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ሌላ መሻገሪያ አበጁ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ሴራ የተባለ ሥርዓት የኢትዮጵያን ሆሄ በተራ የእንግሊዝኛ ፊደላት ለመጻፍ የሚያስችል ሲሆን፣ በላቲን ትንሹና ትልቁ ፊደል የተለያየ ድምፅ እንዲወክል በማድረግ፣ ለምሳሌ ትንሹን ‹ቲ› ለተ፣ ትልቁን ለጠ ሰጥቷል። ሴራ በምንም ዓይነት ኮምፒውተር ያለ ፎንት የሚተላለፍ በመሆኑ በልዩ ልዩ ሰንጠረዦች የተጻፉትን ሰነዶች ለማቀያየር መካከለኛ ሆነ።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ስርዓተ ክወና ትልቅ ነገር እየሆነ ነበር። ስርዓተ ክወና ማለት የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተዳድርና ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚቆሙበት መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ለራሱ ደስታ የጀመረው ሊኑክስ ገና ያልበሰለ ሳለ ለሁሉ ተለቆ በብዙ ሰዎች ተሳትፎ አድጎ በመጋቢት 1994 የመጀመሪያው ሙሉ ዕትሙ ወጣ። ከኢትዮጵያ ፊደል ጋር የሚያገናኘው ነገር፣ ፊደሉ እንደ ሊኑክስ ለሁሉ በሚለቀቀው የነጻ ሶፍትዌር ዓለም ቀድሞ መታየቱ ነው፤ ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ሴራን መሠረት አድርጎ በሠራው ሥራ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ በ1997 በወጣው 20ኛ ዕትሙ የኢትዮጵያን ፊደል መጻፍ ቻለ። ይህም የሆነው ዊንዶውስ ፊደሉን በራሱ ከመያዙ 10 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነበር።

ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅት በ1998 የኢትዮጵያን ፊደል ካጸደቀ በኋላ፣ በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ 345 የኢትዮጵያ ቀለሞች ገቡ። ከቤከር የመጀመሪያ ሐሳብ እስከዚህ ቀን 11 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከሰንጠረዥ ወደ ስርዓተ ክወና፣ እ.ኤ.አ. 1999–2007

ቁጥር ማግኘት ግን መጻፍ መቻል አይደለም። ሆሄው በመስኮቱ ላይ እንዲታይ ፎንት፣ እንዲገባ የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ፣ ስሞች በፊደል ተራ እንዲደረደሩ የድርደራ ደንብ፣ ቀኑም በ13 ወራት እንዲቆጠር የአካባቢ ልማድ መረጃ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ካልተካተቱ ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ መጫን አለበት። ዳንኤል ያዕቆብ ያሉበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነጻ ፎንቶችን፣ የቁልፍ ሰሌዳዎችን፣ ለሊኑክስ የሚሆነውን የአካባቢ መረጃና ጂኖም ለተባለው የሊኑክስ መስኮታዊ ገጽታ የአማርኛ ትርጉም በማዘጋጀት ይህን ክፍተት ለመሙላት ሠራ። የትርጉሙ ሥራ ግን ሳያልቅ የቆየ ነው፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው አዳዲስ ቃላት ሲጨምር ተርጓሚዎቹ ጥቂት ስለነበሩ፣ ትናንት የተሞላው ዛሬ ጎዶሎ ይሆን ነበር።

ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ በዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ አካቶ ለገበያ ያቀረበው በጥር 2007 ሲሆን፣ ይህ ፊደሉ በዩኒኮድ ከጸደቀ ከ7 ዓመት በላይ በኋላ ነው። በመካከሉ በነበረው ጊዜ ክርክሩ በጽሕፈት አገልግሎት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ወርዶ ነበር፤ ዩኒኮድን ያወቁት ሰዎች የአሮጌው ፎንት ሰነዶች ሳይበዙ ሥራው ወደ አዲሱ እንዲዛወር ሲወተውቱ፣ ሌላው ወገን ፕሮግራሙ በታተመው ወረቀት ላይ የሚያምር ሆሄ እስካወጣ ድረስ መለወጡ ምን ይጠቅማል ይል ነበር። ለወረቀት ለሚጽፍ ሰው በእርግጥ ልዩነቱ አይታየውም፤ ልዩነቱ የሚታየው ሰነዱ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ ቃል ሲፈለግበት ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ከማኅደር ሲወጣ ነው።

ይህንን ዓይነት መዘግየት በሌሎች የበጎ ፈቃድ ሥራዎችም ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ቢ የተባለው ኩባንያ ሀብቱን ለፓልም ሲሸጥ፣ ቢኦኤስ የተባለውን ስርዓተ ክወናውን የወደዱ ሰዎች ከባዶ መልሰው ለመሥራት ተነሡ፤ ሥራው ከ2004 ጀምሮ ሃይኩ ተባለ። አልፋ የተባለው የመጀመሪያው የሙከራ ዕትም በመስከረም 2009 ወጣ፤ ከ2012ቱ አራተኛ የአልፋ ዕትም ቤታ እስከተባለው ቀጣይ ደረጃ የመጀመሪያ የሙከራ ዕትም፣ እስከ መስከረም 2018 ድረስ፣ 6 ዓመት ያህል አለፈ፤ በመስከረም 2024 አምስተኛው ቤታ ወጥቶም የመጨረሻው ዕትም ገና እየተጠበቀ ነበር። በወዳጆቹ መካከል የተነሣው ክርክር ሁለት ወገን ነበረው፤ አንዱ ብዙ ሰው በየቀኑ የሚሠራበት ነገር እንደተጠናቀቀ ተቆጥሮ እንዲታወጅ ሲጠይቅ፣ ሌላው የታሰበው ሳይሟላ ስሙን ብቻ መስጠት እምነትን ያሳጣል ይላል። ለመዘግየቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በ2013 ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያስተዳድረው ክፍል ከመሠረቱ መለወጡ ነው፤ ይህም ወዲያው ለሚጠብቀው ተጠቃሚ ማዘግየት፣ ለኋለኛው ሥራ ግን መሠረት ነበር።

የሃይኩ ወዳጅ ግን በሚጠብቅበት ጊዜ በሌላ ስርዓተ ክወና ይሠራል፤ ቋንቋው አይዘጋበትም። የኢትዮጵያ ፊደል ሲዘገይ የሚጠብቀው ሕዝብ ግን ሌላ ፊደል አልነበረውም፤ ወይ በላቲን ይጽፍ፣ ወይ ነገ በማይነበብ ፎንት ይተይብ ነበር። ስለዚህ «ለምን ዘገየ?» የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የትዕግሥት ማጣት አልነበረም፤ የመጻፍ መብትን የሚነካ ፍትሐዊ ጥያቄ ነበር።

የዜማ ምልክቶች ተራ፣ እ.ኤ.አ. 2005 እና ከዚያ በኋላ

የ1999ኙ 345 ቀለሞች ለግዕዝ፣ ለአማርኛና ለትግርኛ አመዛኙን ቢያሟሉም፣ የጎደለው ምን እንደሆነ እያደር ታወቀ። በመጋቢት 2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 በዋናው ክፍል ላይ ከጨመራቸው ሌላ 26 ቀለሞች ያሉበትን ተጨማሪ ክፍልና 79 ቀለሞች ያሉበትን ሌላ ክፍል አመጣ። ከ26ቱ 16ቱ ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ሆሄያት ሲሆኑ፣ የቀሩት 10ሩ የዜማ ምልክቶች ነበሩ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ። በቤተልሔም ለምስክር የሚቀርበው ደቀ መዝሙር ከንባቡ በላይ የሚያያቸው ምልክቶች በዓለም ሰንጠረዥ ቋሚ ቁጥር ያገኙት በዚህ ዓመት ነው።

ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን የድጓን ገጽ አይሠራም። ምልክቶቹ የተመዘገቡት በሆሄው ላይ በራሳቸው እንደሚያርፉ ሆነው ሳይሆን፣ ራሳቸውን ችለው በመስመር ቦታ እንደሚይዙ ምልክቶች ነው፤ ከንባቡ በላይ በትክክለኛው ሆሄ አናት እንዲሰፍሩ የሚያደርገው ጽሑፉን በሁለት መስመር የሚያስተካክል ፕሮግራም መሆን አለበት። በተጨማሪም በድጓው ላይ የሚታየው ከ10ሩ ምልክቶች በላይ ነው፤ ከመነሻ ዜማው ቃል ተወስደው በደቃቅ የሚጻፉ ሆሄያትም አብረው አሉ፣ ቦታቸውም እንደ ስልቱ ሊለያይ ይችላል። ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ይህን አጣምሮ ማስቀመጥ ስለማይችል፣ ድጓን በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሰው ልዩ ዝግጅት ያስፈልገዋል። በዚህ ነጥብ ላይ ሥራው የቆመው በምሥጢሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ምልክቱን የሚያውቀው መምህርና ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ በአንድ ጉባኤ ስለማይቀመጡም ነው።

ፊደሉ ከዚያም በኋላ መስፋቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዩኒኮድ 6.0 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑ 32 ቀለሞችን ሲያመጣ፣ በመስከረም 2021 የወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ጽሕፈት 28 ቀለሞችን ጨመረ፤ በአምስቱ ክፍሎች ያሉት የኢትዮጵያ ቀለሞች በጠቅላላ 523 ደረሱ። ጉራጌኛ ተናጋሪው የሚፈልጋቸውን ሆሄያት ሁሉ ለማግኘት ከአማርኛ ተናጋሪው ከ20 ዓመት በላይ ዘግይቶ መጠበቁ፣ በመጀመሪያው ውይይት ቤት የተወከለውና ያልተወከለው ማን እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

የመፍጠንን ዋጋ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር በ1992 አብሮ የተረቀቀው የበርማ ጽሕፈት ያሳያል። በበርማ ማለትም በምያንማር የዩኒኮድ ድጋፍ በስርዓተ ክወናዎቹ ውስጥ ሲዘገይ ዛውጂ የተባለ ፎንት ፈጥኖ ወጥቶ ሕዝቡን ሁሉ አዳረሰ፤ በውስጡ ግን ዩኒኮድን በትክክል ስለማይከተል አገሪቱ ለብዙ ዓመት በሁለት የማይነባበቡ ጽሕፈቶች ተከፍላ ኖረች፣ በይፋ ወደ ዩኒኮድ የተሻገረችውም በጥቅምት 2019 ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ሆሄው ሳይከፋፈል አንድ ቀለም ሆኖ በመመዝገቡ ከዚህ ዓይነቱ መከፋፈል ቶሎ ለመውጣት ቀለለው፤ ይህ ረጅሙ ውይይት ያስገኘው ፍሬ ነው።

ደብረ ታቦር ዛሬ

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩበት በጋፋት ስም ሰይሞታል። ከዚህ ኢንስቲትዩት እስከ ቤተልሔምና ዙር አምባ ያለው መንገድ በአንድ ዞን ውስጥ የሚያልቅ ነው፤ የኮምፒውተር ትምህርትና የድጓ ትምህርት በዚህን ያህል ቅርበት የሚገኙበት አገር ብዙ አይደለም። የዜማ ምልክቶቹን በሁለት መስመር የሚያስተካክል ፕሮግራም፣ የቤተልሔምን፣ የቆማንና የአጫብርን ስልቶች ሳያደባልቅ የሚመዘግብ የጋራ ደንብ፣ በብራና ያሉትንም ድጓዎች ፊደል በፊደል የሚያስቀምጥ ስብስብ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ሁለቱ እውቀቶች በደቡብ ጎንደር ደጋ ጎረቤታሞች ናቸው።

የተተረከው ታሪክ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ፊደሉ በ1940 ዓ.ም. ሳይቆረጥ የቀረው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ሆሄው ሳይከፋፈል የገባው ሰዎች ተከራክረው፣ ጠይቀው፣ ሳይስማሙ ላለማጽናት ስለታገሡ ነው፤ ይህ መዘግየት የምክክር መዘግየት ነውና ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ትርፉ ይበልጣል። በአንጻሩ የጉራጌ ሆሄያት እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የቆዩት፣ የጂኖም የአማርኛ ትርጉም ሳያልቅ የቀረው፣ የድጓውም ገጽ እስከ ዛሬ በተራ ፕሮግራም የማይጻፈው ሰው ተከራክሮ ሳይሆን የሚመለከተው ሰው በቦታው ስላልነበረ ነው፤ ይህ የባለቤት ማጣት መዘግየት ነውና ምንም ትርፍ የለውም። በጎ ፈቃደኞችን ስለ መዘግየታቸው የሚወቅስ ሁሉ አስቀድሞ የትኛው መዘግየት እንደሆነ መለየት አለበት፤ የመጀመሪያው ከሆነ ውይይቱን መርዳት፣ ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ራሱ ገብቶ መሥራት ይገባዋል። የቤተልሔም ሊቃውንት ድጓቸውን በእርማት ያጸኑት ማንም ከውጭ መጥቶ እንዲጨርስላቸው ሳይጠብቁ ነበርና፣ በኮምፒውተሩም ላይ የድጓው ሥራ የሚፈጸመው የእነርሱ ተተኪዎችና የጋፋት ተማሪዎች በአንድነት ሲጀምሩት ነው።